«ይሄ ሕንፃ ነው ወይስ የጫማ ካርቶን?» የስቱዲዮ መምህራን ሆይ፣ እስቲ ቁጭ ብለን እናውራ!

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሚዜነት ወጪ ስናወራ ቆይተናል። ዛሬ ግን ወጣ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። «ይቺ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ። ነገሩ ቤቴ ድረስ ገብቶ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

በቅርቡ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ «ክርር… ክርር…» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አይጥ መሰለኝና ጫማ አንስቼ ተነሳሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ታናሽ ወንድሜ ራት የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ካርቶን ይቆርጣል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ ሁለት ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሏል።

«አንተ! አትተኛም እንዴ?»

«ነገ ጁሪ አለኝ። ይልቅ ነይ ይቺን ያዥልኝ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ።»

እናላችሁ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የአንድ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ደግፌ ቆምኩ። ግድግዳው አንድ ስንዝር አይሞላም። ወንድሜ እንዲህ ሲያድር ያ ሦስተኛ ሌሊቱ ነበር።

ልጁ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት። የት እንደሚማር አልነግራችሁም። ዓላማዬ የማንንም ስም ማጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ሳጣራ ደርሼበታለሁ። ጠዋት ሞዴሉን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወጣ። ታክሲ ድረስ ሸኘሁት። ወያላው አየት አደረገውና «ለዕቃው የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለው። ከፈለ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ይቅናህ!» አለችው።

ማታ ባዶ እጁን መጣ።

«ሞዴሉስ?» አልኩት።

«ጣልኩት።»

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን! እማዬ «ልጄን ሰው ዓይን አገኘው» ብላ ጠበል ይዛ መጣች። እሱ ግን ጠበሉንም እንጀራውንም አልነካም። በአምስተኛው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ካልነገርከኝ ከዚህ አልነሳም» አልኩት። ያኔ ነገረኝ።

አምስት ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሱ ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ማስረዳት ጀመረ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንደኛው ሞዴሉን በአንድ እጁ ብድግ አደረገና «ይሄ ሕንፃ ነው ወይስ የጫማ ካርቶን? ቁጥር ስንት ነው ታዲያ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው «ከመጀመሪያው ጀምር» ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ። በቃ፣ አለቀ። ቀጣይ ተማሪ!

«መሳቃቸው አይደለም የከፋኝ፤ እኔም የሌላ ሰው ሆኖ ቢሆን እስቅ ነበር» አለኝ ወንድሜ። «ጥፋቴ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ከመጀመሪያው ጀምር አሉኝ። መጀመሪያው የት ነው? ደግሞ ብጀምርስ ተመልሼ እዚያው ካርቶን ላይ እንደማልደርስ በምን አውቃለሁ? እኔ ትምህርቱን ልተወው ነው።»

ወገኖቼ፣ «ልተወው ነው» የሚለው ቃል ልቤን ቀጥ አደረገው። እኔ ከ12ኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። ስለ ሕንፃ የማውቀው ነገር ቢኖር በየወሩ ኪራይ መክፈል ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ እሱ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማጣበቂያና ወረቀት የተገዛው ከእማዬ የዕቁብ ገንዘብ ላይ ነው። ታዲያ ዝም ብዬ ልየው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ ለመጠየቅ ተነሳሁ። የጠየቅሁትን፣ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን እነሆ።

ለመሆኑ ስቱዲዮ ምንድን ነው?

«ስቱዲዮ» ሲባል ፎቶ ቤት ወይም ዘፈን የሚቀረጽበት ቤት የሚመስላችሁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም እንደናንተው ነበርኩ። አርክቴክቶች ግን ስቱዲዮ የሚሉት ዲዛይን የሚማሩበትን ክፍልም ትምህርቱንም ነው። ከሌላ ትምህርት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ከሆነ መልሱ መጽሐፉ ጀርባ አለ። ታሪክ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱን ትሸመድዳላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ግን መምህሩ «በዚህ ቦታ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሥሩ» ይላል፤ ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ዓይነት ቤተ መጻሕፍት ይዞ ይመጣል። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ስህተት ሊሆንም ይችላል! መምህሩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እያንዳንዱ ተማሪ ጎን ቁጭ ብሎ ንድፉን ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይመክራል። በመጨረሻ ጁሪ ይመጣል፤ ተማሪው ሥራውን ሰቅሎ በመምህራንና በእንግዶች ፊት የሚሟገትበት ቀን ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁ የሚያሳየው የወረቀት ቁራጭ ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ጭንቅላት የወጣ ነገር ነው። ሒሳብ ብትሳሳት «ስሌቱ ተበላሸ» ትላለህ። ንድፍህ ሲሳቅበት ግን «እኔ ተበላሸሁ» ነው የምትለው። የስቱዲዮ መምህር ሥራ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም

በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ኤኮል ደ ቦዛር የሚባል ዝነኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ በአንድ ታዋቂ አርክቴክት ሥር ተሰብስበው ይሠሩ ነበር፤ ነባሮቹ አዲሶቹን ያስተምራሉ፤ አዲሶቹም በተራቸው የነባሮቹን ሥዕል በማጠናቀቅ ያግዛሉ። የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ሥዕሉን የሚሰበስብ ጋሪ ይመጣል። ያልጨረሱት ጋሪው ላይ ዘለው እየወጡ በመንገድ ላይ ይስሉ ነበር ይባላል። ጋሪው በፈረንሳይኛ «ሻሬት» ነው የሚባለው። ዛሬ ድረስ አርክቴክቶች የመጨረሻ ሰዓት ጥድፊያን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የወንድሜ የሌሊት «ክርር ክርር» ዘሩ ከየት እንደሆነ አያችሁ? ዳኞቹ ደግሞ በር ዘግተው ነበር የሚፈርዱት፤ ተማሪው በሌለበት ማለት ነው። ዛሬ በሩ ተከፍቷል፤ ተማሪውም ፊት ለፊት ይቆማል። ምክንያቱ ካልተነገረው ግን በሩ ቢከፈት ምን ዋጋ አለው?

ጀርመን አገር ደግሞ ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 ባውሃውስ የተባለውን ትምህርት ቤት ሲመሠርት ሌላ መንገድ ሞከሩ። በየወርክሾፑ ተማሪውን ሁለት ሰው እንዲያስተምረው አደረጉ፤ አንዱ የቅርጽ መምህር፣ ሌላው የእጅ ሙያ መምህር። አንዱ «ምን ይምሰል?» ሲል ሌላው «በምን ይሠራል?» ይላል ማለት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም በቀጥታ ቤት ንደፍ አይባልም ነበር፤ ወረቀት፣ እንጨት፣ ብረት፣ ጨርቅ እየነካካ ጠባያቸውን ይማራል።

ዶናልድ ሾን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አንድ የስቱዲዮ መምህርና አንዲት ተማሪ ሲነጋገሩ የሆነውን በዝርዝር ጽፏል። ተማሪዋ ተዳፋት ላይ ትምህርት ቤት ልትሠራ ነው፤ ቅርጹ ከተዳፋቱ ጋር አልገጥም ብሏት ተጨንቃለች። መምህሩ «አይሆንም» ብሎ አልሄደም። ከንድፏ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፎ እየሳለ፣ እየሳለም ጮክ ብሎ እያሰበ አሳያት። እንዲህ ባደርግ ምን ይመጣል? ይሄ ከመጣ ደግሞ ያኛው ምን ይሆናል? ሾን እንደሚለው ባለሙያ የሚያስበው እጁ እየሠራ ነው። ይሄን አስተሳሰብ በንግግር ብቻ ማስተማር አይቻልም፤ ማሳየት ያስፈልጋል።

እኔ ይሄን ሳነብ እማዬ ወጥ ስታስተምረኝ ትዝ አለኝ። «ሽንኩርቱ ሲበስል ታውቂዋለሽ» ብላኝ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቀውም። እሷ ግን አጠገቤ ቆማ «አሁን ሽታው ተለወጠ፣ አየሽ? አሁን ጠብ አድርጊበት» ትለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ

በሰው በሰው አንዲት መምህርት አገኘሁ። የወንድሜ መምህር አይደሉም፤ ሌላ ቦታ ነው የሚያስተምሩት። ብዙ ዓመት አስተምረዋል። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቅ አሉና «ንግግር ከምሰጥሽ መጥተሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ሄድኩ። ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ተማሪው ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ ከጎኑ ነው። ሁለቱም ወረቀቱን በአንድ አቅጣጫ ያያሉ። ከዚያ አይናገሩም፤ ይጠይቃሉ። ለአንዱ ልጅ እንዲህ አሉት፦ «ሐምሌ ነው እንበል። ዝናብ ይወርዳል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ ዣንጥላ ይዛ፣ እዚህ በር ላይ ደረሰች። ዣንጥላዋን የት አጥፋ ትገባለች?» ልጁ ወረቀቱን አየ። በሩ ላይ መጠለያ የለውም! «ውይ!» አለ። ሌላ ምንም አልተናገሩትም። እርሳሱን አነሳ።

ለሌላዋ ተማሪ ደግሞ የፀሐይን ነገር ነገሯት። ልጅቷ ከአንድ የአውሮፓ መጽሐፍ ላይ «የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም» የሚል አንብባ የንባብ ክፍሎቹን ሁሉ በትልልቅ መስታወት ወደ ሰሜን አዙራለች። «መጽሐፉ አልዋሸሽም» አሏት። «የጻፈው ግን ለአገሩ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ነው የምትመጣው። ነገ በስድስት ሰዓት ውጪና ጥላሽን እይው፤ ከዚያ መጥተሽ ንገሪኝ።» አያችሁ? መልሱን ነግረው እዚያው ላይ አላቆሙም፤ ልጅቷ ራሷ እንድታየው ውጭ ላኳት።

ሌላው የወደድኩት ነገር የተማሪውን ወረቀት በብዕር አይነኩም። ስስ ወረቀት ከላይ ያነጥፋሉ፤ «እኔ ብሆን እንዲህ ልሞክር እችላለሁ፤ ሌላ መንገድም አለ» ብለው ሁለት ሦስት ዓይነት ይስላሉ። ሲነሱ ስስ ወረቀቱን ጠቅልለው ለተማሪው ይሰጡታል። ንድፉ የልጁ እንደሆነ ይቀራል።

ከመነሳታቸው በፊት ደግሞ ሁሌ አንድ ነገር ይላሉ፦ «አሁን ከነገርኩህ ውስጥ ምን ይዘህ ልትሄድ ነው? ንገረኝ እስቲ።» አንዱ ልጅ የተነገረውን ገልብጦ መለሰላቸው። ሳይቆጡ እንደገና አስረዱት። «ይሄን ባልጠይቀው በሳምንቱ የተሳሳተ ነገር ሠርቶ ይመጣ ነበር፤ እኔም ሰነፍ ነው እል ነበር» አሉኝ ኋላ።

«የኛንም ችግር ጻፊልን»

ታዲያ መምህራኑን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ደግ አይደለም። እኚሁ መምህርት ሒሳቡን ሠርተው አሳዩኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ነው፤ 240 ደቂቃ። ሠላሳ ተማሪ ካለ ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ይደርሰዋል። ሽንት ቤት ካልሄዱ! በስምንት ደቂቃ ውስጥ ንድፍ ማየት፣ ማሰብ፣ መምከር አለ። «ሲደክመን አጭሩ መንገድ ቀልድ ወይም ቁጣ ይሆናል» አሉኝ። «ደግሞ እኛም የተማርነው እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ሥራዬ ሲቀደድ አይቻለሁ። ‹እኛም አልፈንበታል፣ አልገደለንም› እንላለን። የገደላቸው ግን መች እዚህ አሉ? ትተው ሄደዋል፤ አናያቸውም።»

ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ይሄ ጥያቄ ተነስቷል። ካትሪን አንቶኒ የተባሉ አሜሪካዊት ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የጁሪን ሥርዓት ራሱን ችሎት ፊት አቁመውታል። የአሜሪካ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ስቱዲዮ ኑሮ ሪፖርት አውጥቶ ተስፋ፣ መከባበር፣ መካፈል፣ ተሳትፎና ፈጠራ የስቱዲዮ መመሪያ ይሁኑ ብሏል። እንቅልፍ አጥቶ ማደርን እንደ ጀግንነት መቁጠር ይቅር ሲልም መክሯል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መምህራን ሆይ፣ እኔ እናንተን ለማስተማር አልዳዳኝም። ከመምህርቷ የሰማሁትንና ከተማሪዎች አፍ የለቀምኩትን ነው እንደሚከተለው የማቀርበው።

1. በምን እንደሚመዘን አስቀድማችሁ ንገሩት። አጠቃቀሙ ነው? አሠራሩ ነው? ከቦታው ጋር መግጠሙ ነው? ሥዕሉ ነው? ሥራው ሲሰጥ በወረቀት ይጻፍ፤ በጁሪ ቀንም በዚያው ይመዘን። ተማሪ የሚፈራው የማያውቀውን ሚዛን ነው።

2. ቦታውን አሳዩት። ሳይሄዱበት መንደፍ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ነው። ጎርፉ በየት ይወርዳል? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ሰፈርተኛው በየት አቋርጦ ይሄዳል? ጉሊት የሚቸረችሩት እናቶች ጥላ የሚፈልጉት የት ላይ ነው? ይሄ ሁሉ ስልክ ላይ ካለ ካርታ አይገኝም።

3. ከመናገር በፊት ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም አትጥፉ። ዝም ብሎ «ምን ይመስልሃል?» እያሉ መዞርም መምራት አይደለም። ልጁ ጨርሶ ከቆመ እርሳስ አንሱና አሳዩት። አንደኛ ዓመት ላይ ብዙ ማሳየት፣ አምስተኛ ዓመት ላይ ብዙ መጠየቅ ይሻላል። ልጅ መራመድ ሲጀምር ሁለት እጁን ትይዘዋለህ፤ ኋላ አንድ ጣት ይበቃዋል።

4. ያልጨረሰውን ሥራ አክብሩ። «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባል የለ? የተጨማደደ ንድፍ፣ የተሰረዘ መስመር ይዞ የሚመጣ ተማሪ የሚያስብ ተማሪ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት የሚያብለጨልጭ ሥዕል ያወጣል፤ ከብልጭታው ጀርባ ሐሳብ ላይኖር ይችላል። «ጥሬውን አሳየኝ» በሉት። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ሰዎች ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት፤ ተሳስተው የቆረጡት ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። ወረቀት ላይ መሳሳት ግን ርካሽ ነው። እንዲሳሳት ፍቀዱለት።

5. ሥራውን እንጂ ሰውየውን አትንኩ። «ይሄ በር ዝናብ ያስገባል» እና «አንተ አታስብም» አንድ አይደሉም። ቀልድም ቢሆን ከምክንያት ጋር ይምጣ። ጁሪ ላይ ተናጋሪው ይደነግጣል፤ ግማሹን አይሰማም። ስለዚህ ጓደኛው የተባለውን ይጻፍለት። መጨረሻ ላይም አንድ የጁሪ አባል «ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይለወጥ፣ ነገ ከዚህ ጀምር» ብሎ ይደምድምለት።

6. ዝምተኛውን ፈልጉት። ደፋሩ ተማሪ መምህሩን እጁን ይዞ ይጎትታል። ዓይን አፋሩ ግን ወረቀቱን ደብቆ ሦስት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። የስም ዝርዝር ይዞ ማን እንደታየ፣ ማን እንዳልታየ ምልክት ማድረግ ምን ይከብዳል? ጊዜ ካነሰም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን አምስት አምስቱን ሰብስቦ ማየት ይቻላል፤ አንዱ ከሌላው ይማራል።

7. እንቅልፉንና ኪሱን አስቡለት። ማስረከቢያው ከጁሪው አንድ ቀን ይቅደም፤ ልጁ ተኝቶ ይምጣ። ለመለማመጃ የሚሆን ሞዴል ደግሞ ከብስኩት ካርቶንም ይሠራል። ሀብታሙ በውድ ሰሌዳ ስለሠራ ብቻ ብልጫ አያግኝ።

በነገራችን ላይ፣ ተማሪን አቅልሎ ማየት እንደማይገባ አንድ ማስረጃ ልስጣችሁ። ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የቡርኪና ፋሶ ሰው ነው። በርሊን ሄዶ አርክቴክቸር ሲማር፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ገንዘብ አሰባስቦ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው የአገሩ ጭቃ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ከፍ ብሎ በመነሳቱ ሙቀቱ በመካከል ይወጣል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቶች ዘንድ ትልቁ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የተማሪ ሥራ ነበር እኮ መነሻው!

ለተማሪዎችም አንድ ሁለት ቃል

እናንተም ብትሆኑ አትደበቁ። ወንድሜን ሳፋጥጠው ያመነልኝ ነገር አለ፤ ከጁሪው በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ መምህሩ ሲዞር እሱ ሻይ ቤት ነበር። «ያልጨረስኩትን እንዴት አሳያለሁ?» ብሎ። እንግዲህ ሐኪም የሚሄደው ድኖ ነው እንዴ? ሁለተኛ፣ የተባላችሁን ጻፉ። ሦስተኛ፣ «አልገባኝም፣ ለምን?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ በትሕትና ጠይቁ። ጁሪው ካለፈ በኋላም ቢሆን ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ብዙ መምህር ለብቻው ሲያገኙት ሌላ ሰው ነው።

ለወላጆችም፣ ልጃችሁ ሌሊት ካርቶን ሲቆርጥ ብታዩት «ይሄ ልጅ አበደ» አትበሉ። ሻይ አፍሉለት። ከዚያ ግን አስተኙት።

ወንድሜስ?

ለካ ሞዴሉን ከመጣሉ በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። እየጎተትኩ መምህርቷ ዘንድ ወሰድኩት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልክ ነው፤ ሣጥን ነው።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። አበቃለት አልኩ።

እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ሣጥን መሆኑ ግን ጥፋት አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ደግ ደግ ሣጥኖች አሉ። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው፤ መስኮትህ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው?»

«አንድ ሜትር ከአርባ» አለ ወንድሜ።

«የስድስት ዓመት ልጅ ቁመቱ ስንት ነው?»

ወንድሜ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ ለካ፤ ወገቡ አካባቢ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ። «አንድ ሜትር ከአሥራ ምናምን…» አለና ዝም አለ።

«ስለዚህ የሠራኸው ቤተ መጻሕፍት ለማን ነው?»

«ለመምህራኑ» አለ። እሳቸውም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ልብ በሉልኝ ውድ አንባቢያን፣ ያ የጁሪ ሰው ያለውና እሳቸው ያሉት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም «ሣጥን ነው» ነው ያሉት። አንደኛው አልጋ ላይ ጣለው፤ ሌላኛዋ አስነሱት። ልዩነቱ «ለምን» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት።

ወንድሜ ያንን ስቱዲዮ በዚህ ሴሚስተር እየደገመ ነው። ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይሄ እንደሚያመው አውቃለሁ። አንድ የክፍል ጓደኛው ከዚያ ጁሪ በኋላ ወጥቶ አልተመለሰም፤ አሁን የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ይመረቅልን አይመረቅልን እግዜር ይወቅ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ወንድሜን ግቢያችን ውስጥ አየሁት። የጎረቤታችንን ሕፃናት በግድግዳ አሰልፎ፣ በሜትር የዓይናቸውን ከፍታ ይለካል። ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ «እኔንም! እኔንም!» ይላሉ። እሱ ደግሞ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ «ክርር ክርር» የሚለውን ድምፅ አልሰማሁም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ተኝቷል።

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!